ከዘፈኖቹ መጨረሻ ያለው

ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ለባጃጅ ሾፌሮች ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ሰው አለ። በፕላስተር የተጠጋገነ ሄድፎኑ ከአንገቱ አይወርድም። ደንበኛ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የሙዚቃ ኮርድ ይመታል፤ ማሚቶው ከጀጎል ግንብ ማዶ እየደበዘዘ የሚርቅ እስኪመስል ድረስ ሲያስተካክለው ይውላል። ያንን ሥራውን ለማንም ሳይናገር በየፍላሹ መጨረሻ ይጨምረዋል።

ዛሬ እኔም ዘፈን ላስጭን ቆሜ ሳለ አንድ ሾፌር ተመልሶ መጣ።

«አቦ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሰውዬው ፊቱ በርቶ ብድግ አለ። «ሰማኸው?»

«አንዱን ድምፅ ይደጋግማል እኮ! ዘፋኝም የለው። ፍላሼን አበላሸህብኝ።»

«ይቅርታ፣ ተበላሽቶ ነው» አለና በገዛ እጁ ከፍላሹ ላይ አጠፋው።

ሦስት ወር ሙሉ ባጃጄ ውስጥ እየደጋገምኩ ስሰማው የከረምኩት እኔ፣ አጠገቡ ቆሜ ቃል አልተነፈስኩም።