ስልሳው ቮልት የት ገባ?

ደሴ ሆጤ፣ ማለዳ

ከቤት ያስወጣኝ የአክስቴ የከድጃ ስልክ ነው። «ዘሃራ፣ ድረሽልኝ! ማሽኑ ይጮህና ቀጥ ይላል። አጎትሽ ታፍኖ ሊሞትብኝ ነው!» አለችኝ። አጎቴ ሰይድ ሳንባው ተጎድቶ ኮምቦልቻ ቤቱ ተኝቷል፤ የሚተነፍሰውም በመብራት በሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ነው። መጠባበቂያ ሲሊንደር የለውም። እኔ ደግሞ ደሴ ውስጥ የመብራት መስመር በመዘርጋት የምተዳደር ሴት ነኝ። ቴስተሬን፣ ፒንሳዬንና ጥቂት የሽቦ ማያያዣዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በጉሙ መሀል ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ቁርስ? ማን አስታውሶ!

ሚኒባሱ አልሞላ አለ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ጨመረ። እርር ድብን አልኩ።

ሐረጎ

ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና ፊታችን ተገተረ። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ጎኑ ገደል ነውና መቅደም አይታሰብም።

«ወንድሜ፣ የታመመ ሰው አለብኝ፤ ትንሽ ፈጠን በል» አልኩት ሾፌሩን።

«እህቴ፣ በገደሉ ከሆነ ቶሎ እንደርሳለን» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

አክስቴ ደግማ ደወለች። «አሁን ደግሞ ሠራ! ሰዉ ዱአ እያደረገለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ!» ይጠፋል፣ መልሶ ይሠራል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? እኔም ማሽኑን ትቼ መስመሩን ጠረጠርኩ። ጉሙ ከላይ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ሲቀበለኝ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ጭንቀቴን ግን የት ላውልቀው?

ኮምቦልቻ

ባጃጁ ያወረደኝ በሰው የተሞላ ግቢ በር ላይ ነው። ለሐዘንም ለደስታም አብረው የሚቆሙት የቅሬ ጎረቤቶች ናቸው። በኛ አገር ሕመም በጠና ቁጥር ጠያቂ ይበዛል፤ ጠያቂ በበዛ ቁጥር ደግሞ ሻይ ይጣዳል።

አጎቴ ትራስ ተደግፎ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ማሽኑ እየሠራ ነበር። ቴስተሬን አጠገቡ ያለው ሶኬት ላይ ብሰካው ሁለት መቶ ስምንት ቮልት አነበበ። ደህና ነው።

ከጓዳ «ሰው መጣ፣ ምድጃውን ልሰካው!» የሚል የአክስቴ ድምፅ መጣ። ቁጥሩ ከመቶ ስልሳ በታች ዘጭ አለ። ማሽኑ ጮኸና ቆመ። አጎቴ አንሶላውን ጨመደደ፤ ውጭ ያሉት ዱአውን አጠነከሩት።

«ንቀይው! አክስቴ፣ ምድጃውን ንቀይው!»

ሲነቀል ማሽኑ ተነሣ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ያ አላህ! እኔው ነኝ ለካ!»

«አብሽሪ፤ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ ማሽኑን ላፍታ አጥፍቼ፣ ምድጃውን አሰክቼ መለካት ነበረብኝ። «አብደሻል?» አለችኝ። የቅሬው ሽማግሌ ሼህ ሙሄ አጎቴን አዩት። እሱም ዓይኔን እያየ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑን አጥፍቼ ምድጃውን አሰካሁ።

በረንዳው ላይ ቆጣሪው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ያሳያል። በገመዱ የሚያልፈው አሥር አምፔር ነው። ሶኬቱ ላይ ግን መቶ ስልሳ ብቻ። ምድጃውን አስነቅዬ ማሽኑን ወዲያው አበራሁት።

«ሼህ፣ ስልሳ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል» አልኳቸው። «ስልሳን ለአሥር ሲያካፍሉት ስድስት ኦም እንቅፋት ነው፤ ለዚህች አጭር ገመድ አንድም ይበዛባታል። ስልሳን በአሥር ቢያባዙት ደግሞ ስድስት መቶ ዋት ሙቀት። አንድ ቦታ ላይ ካውያ ሰክቶ እንደመርሳት ነው።»

«እኮ የት ነው ካውያው?»

አፍንጫዬ ቀደመኝ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል፤ ከአጎቴ ራስጌ በላይ! ብሬከሩን አጠፋሁ፤ አግዳሚው ላይ ወጥቼ የማዳበሪያ ኮርኒሱን ቀደድኩት። የአጎቴን ሶኬትም ጓዳውንም የሚመግበው ገመድ በእጅ ተጠምዝዞ ተቀጥሎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉም ቀልጦ ኮርኒሱን ማጥቆር ጀምሯል። ትንሽ ብንቆይ አጎቴን አልጋው ላይ እንዳለ እሳት ይበላው ነበር።

የጎረቤቱም መብራት ከዚሁ ብሬከር ስለሚሄድ ማሽኑን የምሰካበት ሌላ ቦታ አልነበረም። የተቃጠለውን ቆርጬ ስልጥ፣ ከታች የአጎቴ ትንፋሽ ሲያጥር ይሰማኛል። ሼህ ሙሄ እጁን ይዘው በሹክሹክታ ቁርአን ይቀራሉ። የማያያዣው ብሎን አመለጠኝ፤ ተሳደብኩ፣ አላህ ይማረኝ። ሁለተኛውን አጥብቄ «ብሬከሩን አብሩት!» አልኩ።

ማሽኑ አጉረመረመ። የአጎቴ ደረት ቀስ እያለ ረጋ።

«አሁን ምድጃውን ሰኪው፣ ልለካ» ብላት አክስቴ እምቢ አለች። ሼህ ሙሄም «ተዪው ልጄ፣ ሻይ ቢቀርብን አንሞትም» አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

ያኔ አጎቴ ከመጣሁ ጀምሮ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረ። «ሰኪው፣ ከድጃ። ሰው ከቤቴ... በደረቁ አይሄድም።»

ሰካችው። ቴስተሩን አነበብኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቮልት! ማሽኑ ንቅንቅ አላለም።

ወደ ሆጤ

ሽቅብ ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጉሙ ጠበቀን። የሚሰጉለትን ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማካፈልና ማባዛት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ደግሞም ፍቅር ራሱ መስመር ላይ ሲበዛ ጭነት ነው፤ ሰዉን ከመበተን ገመዱን ማጠንከር ይሻላል።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ። ያነሣው አጎቴ ነው።

«ደረስሽ?» አለኝ፤ ከኋላው የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። «እኛ ሁለተኛውን በራድ ሻይ ጥደናል።»