የግድግዳው ማሽላ

«ጾመኛ ነኝ» የሚለኝን ሰው ከዚያ ወዲህ አላምንም። አስታግፊሩላህ፣ ጾም በሰውና በአላህ መካከል ያለ ነገር ነው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የሰው አፍ የምመረምረው? ግን እመረምራለሁ። ከንፈሩ ደርቋል ወይስ አልደረቀም ብዬ አያለሁ። ይህን ክፉ አመል ያስተማረችኝ የጡት እህቴ ናት።

የጡት እህቴ ስል የአፍ ወዳጅነት እንዳይመስላችሁ። መርሳ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን እናቷ እሷን በወለደች በሳምንቷ ሞተች። እናቴ ደግሞ እኔን ከወለደች ገና ወር አልሞላትም ነበር። ሕፃኗን አምጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኙ የእሷ፣ ግራው የእኔ ሆነ። በእኛ ሃይማኖት ጡት የተጋራ እህት ነው፤ ወንድሜ ሊያገባት አይችልም፣ እናቴንም እንደኔው «እማ» ነው የምትላት። ልጅ ሆነን ስንጣላ «ወተቴን የጨረስሽ!» እላታለሁ፤ «እኔማ የራሴን ነው የጠጣሁት፣ የአንች ደርቆ ነው እንዲህ ድንክ ሆነሽ የቀረሽው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እሷ መለሎ ናት፣ እኔ ወንበር ላይ ካልወጣሁ ከቁም ሳጥን ላይ ነገር አላወርድም።

እናቴ የታመመችው በቀኙ ነው። እብጠቱን ለማንም ሳትነግር ከርማ፣ እኔ ወልድያ ወዳለው ቤቴ አምጥቼ ገላዋን ሳጥባት ነው እጄ ያገኘው። ደሴ ወሰድኳት፣ ጡቷ ተቆረጠ። የጡት እህቴ ከመርሳ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍታ «የኔን ነው የቆረጡት፣ የኔን ነው!» እያለች ስታለቅስ በሽተኞቹ ሁሉ አብረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያ ለቅሶ ውሸት ነበር አልልም፣ ዛሬም አልልም።

ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት ታዘዘ፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። «ይሄ መድኃኒት በሽታውን ብቻ አይመታም፣ በሽታ የሚከላከልላትን ነጩን የደም ሴልም ያወርደዋል» አለኝ። «አሁን እናትሽ አጥሩ እንደወደቀ ጓሮ ናት። ጥሬ ወተት የለም፣ ያልተላጠ ፍራፍሬ የለም፣ ያደረ ወጥ የለም። ሻጋታ የነካው እህልማ በፍጹም። ደሟ ከወረደ መድኃኒቱን አልሰጣትም፣ ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ይመለሳል።» እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንዴ የተለካልኝን አልረሳም። ስድስት ጊዜ፣ ሳይቋረጥ። ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ የኛ አገር ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። የቅሬው ሴቶች፣ በሐዘንም በደስታም የምንረዳዳው የሰፈር ማኅበራችን፣ ተራ በተራ መጡ። አንዷ ማር፣ አንዷ ከውጭ የመጣ ነው የተባለ የቆርቆሮ ዱቄት፣ አንዷ የሰውነት መከላከያ ይጨምራል የሚል የእንክብል ብልቃጥ። እኔ ሁሉንም በር ላይ እቀበልና ክዳኑን አገላብጬ ቀኑን አነባለሁ፣ ያለፈበትን «ይቅርታ» ብዬ እመልሳለሁ። እንክብሉን ፎቶ አንስቼ ለሐኪሙ ላኩለት፣ «እንዳታስነኪያት» አለኝ። «ኮራች» አሉኝ፤ «ወተት የምታረጋግጥ ላብራቶሪ ሆነችልን» አሉኝ። ይበሉኝ። በዚያ በር ሳይታይ የሚገባ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጡት እህቴ የምጥን ዱቄት።

ዱቄቱን መርሳ ላይ ያላወቀው የለም። ማሽላ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ። ላስቲኩ ላይ የፋፋ ሕፃን ሥዕል አለ፣ ከሥሩ «የሰውነት መከላከያን ያጎለብታል» የሚል ጽሑፍ። እኔው ነኝ ወልድያ ውስጥ ያስለመድኩላት። ሱቄ መስኮት ላይ ደርድሬ፣ ቀሚስ ልትለካ የምትመጣውን እናት ሁሉ «ይሄን ለልጅሽ ውሰጂ፣ እህቴ ናት የምትሠራው» እላለሁ። በዚህ እጄ ነው የሰጠኋቸው። ለእናቴ ደግሞ ጠዋትና ማታ በአጥሚት።

አንድ ልማድ አለን። በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ቁጭ ብሎ የበሽተኛውን አፍ አያይም፤ ለራሱም አንድ ስኒ ይቀዳለትና አብሮ ይጠጣል፣ የበሽተኛው ሆድ እንዲከፈት። የጡት እህቴ በመጣች ቁጥር አጥሚት እቀዳላታለሁ፣ እሷም በመዳፏ ስኒውን ትገፋለች። «ጾመኛ ነኝ፣ ቀዳ እያወጣሁ ነው።» ረመዳን ላይ ያመለጣትን ቀን መሆኑ ነው። እኔ የራሴ ቀዳ ስላለብኝ አፈርኩ። እሷ ልጆች አላት፣ ወፍጮ አላት፣ ገበያ አላት፣ እንዲያም ሆኖ ትጾማለች፤ እኔ አንድ መኪና ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ ሰንፌአለሁ። «ጀሊሉ ይቀበልሽ» እላታለሁ። «አሚን» ትለኛለች፣ ዓይኔን እያየች!

ሁለቱ ዙር በደህና አለፈ። ሦስተኛው ላይ ደሟ ወረደ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «በሳምንት ተመለሱ» አለ። በሳምንቱ ጭራሽ ብሶበት አገኘው፤ ጉበቷም ደስ አላለውም። «ምንድን ነው የምትበላው?» ሲለኝ ኮራ ብዬ ዘረዘርኩ። ምጥን ዱቄቱ ጋ ስደርስ «ማሽላው፣ ለውዙ ከየት ነው? አይታችሁታል?» አለኝ። «የእህቴ ነው» አልኩት፣ ጥያቄው አስቆጥቶኝ።

ዱቄቱ እያለቀ ስለነበር ትኩስ ላመጣ ብዬ፣ ሳልደውል፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ። ከአስፋልቱ በባጃጅ ግቢዋ ድረስ ገባሁ። ሽታው ነው የተቀበለኝ። የማሽላ ጉድጓድ ሲከፈት የሚሸተውን የእኛ የሐብሩ ሰው ያውቀዋል፤ የታፈነ፣ የኮመጠጠ፣ አፍንጫ የሚይዝ። ባሏ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ማሽላውን በቁና ያወጣል፣ አማቷ ሁለት ሰሌን መሀል ተቀምጠው ይለያሉ። በአንደኛው ሰሌን ላይ ያለው ነጭ፣ ፍሬው የሚንከባለል ነው። በሌላው ላይ ያለው ጠቁሮ፣ ተያይዞ ጓል ሆኗል።

«ነይ ግቢ ልጄ፣ እናትሽ እንዴት አደረች? አፊያ ነች?» አሉኝ።

«አልሀምዱሊላህ እማማ። ምነው ይሄን ያህል ተበላሸባችሁ?»

«ዝናብ ገባበት እኮ። ይሄ ነጩ የመሀሉ ነው፣ የቤት ነው። ያኛው የግድግዳው ነው፣ የጉድጓዱን ጎን የነካው።»

«የግድግዳው ለከብት ነዋ።»

«ድሮማ ለከብት ነበር!» ሳቁ፣ ደስ ብሏቸው። «አሁን ምራቴ ብልሃት አገኘችለት። ሦስቴ አጥባ፣ አጥቁራ ትቆላውና ለዱቄቷ ታደርገዋለች። አዝሙዱ ሽታውን ይወስድላታል። እጇ ብልህ ነው፣ ማሻ አላህ።»

ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ልጠይቅ የምችለው ነገር እያለ ይህን ጠየቅኩ፤ «ዛሬም ጾመኛ ናት?»

«የምን ጾም? ቀዳዋንማ ረመዳን እንዳለቀ በሸዋል ከኔው ጋር ነው የጨረሰችው፣ ይኸው ስንት ወሩ። ቅድም ገንፎ በልተን ነው የወጣችው። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ምን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው እሷ ባዶ ላስቲክ ተሸክማ በር ላይ ቆመች። እኔን አየች፣ ሰሌኑን አየች። ረጅሟ ሴት አጠረችብኝ።

«ይሄን ነው እማን የምታጠጫት?» አልኳት።

«ታጥቦ እኮ ነው! ተቆልቶ! እሳት ያየው ነገር ምን ያደርጋል?»

«ታዲያ ለልጆችሽ ለምን ነጩን ለየሽ?»

ባዶውን ላስቲክ በእጇ ጠቀለለችው።

«ስኒውን ስትገፊ፣ ‹ጀሊሉ ይቀበልሽ› ስልሽ፣ ምን ብለሽ ነው አሚን ያልሽው?»

«የእማን ለብቻ ልፈጭ ነበር፣ ወላሂ ልፈጭ ነበር! መጀመሪያ የሰጠሁሽ ንጹሕ ነው። ኋላ ዝናቡ ገባ፣ ነጩ አነሰ፣ ሰው ደግሞ ዱቄት ዱቄት አለኝ… ለእማ ብቻ ወፍጮውን አጥቤ…» ማልቀስ ጀመረች። የደሴውን ለቅሶ ነው ያለቀሰችው፣ ያንኑ ድምፅ። ያን ቀን ግን እንባዬ አልመጣም። «ወፍጮ ማጠብ ታከተሽ?» አልኳት። «ለእሷ?» አማቷ ነገሩ ገብቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ የዱቄቱን ጣሳ አውርጄ እናቴ ፊት ደፋሁትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፣ እየጮህኩ። እናቴ ዱቄቱን በጣቷ ነካ አደረገች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የግድግዳውን። ጉድጓድ ስከፍት ነው ያረጀሁት፣ ጣዕሙ ይጠፋኛል? የተቀየረ ቀን ከመጀመሪያው ጉንጭ አውቄዋለሁ።»

«አውቀሽ ጠጣሽ?!»

«በእጇ አምጥታ እላዬ ላይ ቆማ ልመልስባት? ሚስኪን፣ ጨንቋት ነው። ልጄ ናት።»

«እኔስ? እኔ ማን ነኝ? እኔ እኮ ነኝ ደሴ የማመላልስሽ፣ እኔ ነኝ ከቅሬው ጋር የተኮራረፍኩት፣ የማር ክዳን የማነበው! አንች እኔ የማበስለውን መርዝ እያወቅሽ ዝም ብለሽ ትጠጫለሽ?» ሐኪሙ ደሟ የወረደው በዱቄቱ ነው አላለም፣ ሊልም አይችልም፤ መድኃኒቱ ብቻውንም ያወርደዋል። ይህን አሁን በተረጋጋ ልብ እጽፈዋለሁ። ያን ማታ ግን ልብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። እህቴ ሸነገለችኝ ብዬ ስመጣ እናቴም ከእሷ ጋር ሆና ቆየችኝ።

እናቴ እጄን ያዘች። «ስሟን እንዳታነሽ። ቅሬው ከሰማ አለቀላት። በግራው ጡቴ ይዤሻለሁ፣ በቀረው።» ግራው የኔ ነው። በሱ ይዛኝ አታውቅም ነበር። እሺ አልኳት።

እሺታዬ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ ልጇን አዝላ መጣች፣ ልጁ ሲያስለው ሰንብቷል። «ያ ዱቄት አለ? ለሱ ሌላ አልሰጠውም፣ ትንሽ ቀርታኛለች እሷን እያብቃቃሁ ነው» አለችኝ። «አልቋል» ልላት አፌን ከፈትኩ። አልቋል ማለት እኮ ቀላል ነው፣ እናቴም አትቀየመኝም። ግን የቀረቻትን ማታ ለልጇ ታጠጣዋለች። «ድፊው» አልኳት። «ለምን?» አለች። ነገርኳት፣ ማን እንደሠራችውም፣ ከምን እንደሠራችውም። ከሌሎቹም ያስታወስኳቸው ቤት ሁሉ በእግሬ እየሄድኩ ነገርኩ።

ወሬው መርሳ ለመድረስ ሚኒባስ አላስፈለገውም። እናቴ ከቅሬው ሴቶች ሰማችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም፣ ዝም አለች። የምሰጣትን ትበላለች፤ እንቁላሉን፣ የተላጠውን ሙዝ፣ እኔው ለቅሜ ያስፈጨሁትን ዱቄት። ቃል ግን የለም። ደሴ ስንወርድ አውቶብሱ መርሳ ላይ ቆመ። የጡት እህቴ ሁልጊዜ እዚያ አስፋልቱ ዳር ቆማ በመስኮት ፓፓያ የምታቀብለን ቦታ ነው። እናቴ ውርጌሳ እስክንደርስ ድረስ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ነበር።

ደሟ ተነሥቷል። ሐኪሙ «ጎበዝ፣ ምን ብታበያት ነው?» አለኝ፣ መድኃኒቱም ተሰጣት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስድስቱም እንዲሞላ ነው እኮ ይህን ሁሉ የሆንኩት።

በነጋታው አጥሚቱን አፍልቼ፣ አብርጄ ይዤላት ገባሁ። ስኒውን ተቀበለችኝ። ወደ አፏ አላስጠጋችውም። አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ ከስንት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረች።

«መጀመሪያ አንች ቅመሽው» አለችኝ።

ቀዳዬን ማውጣት የጀመርኩት ያን ቀን ነበር። ጾመኛ ነበርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ሰዓቱን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ። «ጾመኛ ነኝ እማ» ማለት አቃተኝ። ስኒውን ተቀብያት ጠጣሁላት።