በማሞቂያው በጀት ውስጥ የገባው በግ

ባለፈው ሳምንት የመታጠቢያ ቤታችን የውሃ ማሞቂያ ከሆዱ ዝጎ ማፍሰስ ጀመረ። ጠጋኙ መታ መታ አደረገውና «ይህ ከእንግዲህ አይጠገንም፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። ልጄ ሐያት ወዲያው ስልኳን አውጥታ ወጪውን ትዘረዝር ጀመር፤ ማሞቂያው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ማጓጓዣው፣ መጠባበቂያው። በትከሻዋ በኩል አየሁና «በጉን ረስተሻል» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ከተማችን መካነ ሰላም ላይ ታኅሣሥን ያላሳለፈ ሰው የሙቅ ውሃን ዋጋ አያውቅም። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆርጣል። አባቴ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ እጃቸው እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር። እህቴ ዘይነብ ጅዳ ሄዳ በመጀመሪያ ደመወዟ ያስገዛችው ወርቅ አልነበረም፤ ማሞቂያ ነበር። በየጁምዓው ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው «የአባባ ውሃ ይሞቃል?» ብላ ነበር።

ያንን ማሞቂያ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ወረዳ ፋይናንስ አዲስ የተቀጠርኩ፣ ክራባት የማስር፣ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ የማይመስለኝ። ከተማው ውሃ ጠፍቶበት በሰነበተ ጊዜ ባዶውን ሰክቼው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው» አልኩ። ውሸቱ እንደ ክራባቴ አምሮብኝ ነበር።

ዕቃ ሻጩ መጥቶ እንኳ ሳያየው «የሚያስፈልግህ አዲስ ነው» አለኝ። ሻጭ ሌላ ምን ይላል? ዘይነብ ደግሞ ኮንትራቷን ጨርሳ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልትመጣ ነበር። የአባባን እጅ ደምቶ ብታየው የት እገባለሁ? ከደመወዜ ያጠራቀምኳትን ይዤ፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤቴ በአርዕስት በአርዕስቱ ከፍዬ በጀት ሠራሁና ለአባቴ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ዱአውስ?» አሉ።

«የምን ዱአ?»

«አዲስ ዕቃ ቤት ሊገባ ሲል ዱአ ይደረጋል። ያኛው ሳይመረቅ ገብቶ ያደረገንን አየህ። አንድ በግ፣ ትንሽ ጫት፣ ጎረቤት። ክርስቲያኖቹም ጾም ላይ ናቸውና ምስር ይሠራላቸው።»

«አባባ፣ በጉን ከገዛን እኮ ለማሞቂያው አይበቃም!»

«እንግዲያው በጉ ይቅደም። ቀሪውን አላህ ያውቃል።»

እንዲህ ያለ በጀት የትም አልተማርኩም። በሸቅኩ፤ ግን ጥፋተኛ ምን አፍ አለው? በገበያ ቀን በጉን እየጎተትኩ በመሥሪያ ቤቴ ደጃፍ ሳልፍ ባልደረቦቼ «ካፒታል በጀት ነው ወይስ መደበኛ?» እያሉ ተሳለቁብኝ።

ዱአው ግን ደመቀ። ቤቱ ጢም አለ፤ የመረቁ ሽታ ከምርቃቱ ጋር እስከ መንገድ ይሰማል። ጎረቤታችን ከወግዲ የመጡ እንግዳ ይዞ ገብቶ ነበር፤ የወፍጮ ሞተር የሚጠግኑ ጋሽ አስማማው የሚባሉ ሰው ናቸው። ምስራቸውን በልተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ማሞቂያ አዩት።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ሞቷል» አልኳቸው።

ከኮታቸው ኪስ መፍቻ አወጡ። ለምሳ ተጠርቶ መፍቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ያኔ ነው ያየሁት። ፈታቱትና ከውስጡ የጠቆረ ጥምዝ ሽቦ ሳቡ። «ጋኑ ደህና ነው፤ የተቃጠለው ይሄ የሚያሞቀው ሽቦ፣ ሬዚስታንሱ ብቻ ነው። ደሴ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል» አሉ። በደስታ ልዘል ስል ግን ቀጠሉ፦ «ቆይ፣ ይሄን ውሃ ሳይኖረው የሰካው ማነው?»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዋሽቻችሁ ነበር።»

አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አያችሁ ጀመዓ? ዱአው ገና ሳያልቅ ልጄን እውነት አናገረው! በሉ አሚን በሉ። ለዘይነብ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል።» ቤቱ በአሚንና በሳቅ ተናወጠ፤ ጋሽ አስማማውም ከሁሉ ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ።

በማግስቱ ደሴ ሄድኩ። ስመለስ መንገድ ላይ የአቀስታ ብርድ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ ያንቀጠቅጠኝ ነበር፤ እኔ ግን በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሬዚስታንስ ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ቤት ፈገግ እንዳልኩ ደረስኩ። ዘይነብ በመጣች ማግስት ጎህ ሲቀድ፣ አባባ ውዱእ ሲያደርጉ በራፉ ላይ ቆማ ከእጃቸው የሚነሣውን እንፋሎት ታይ ነበር። ዞር ብላ እንባዋን ጠረገችና አቀፈችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አፍሬ አላውቅም።

አባቴ ካለፉ ቆይተዋል። ዘይነብ ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች። ያ ሁሉ የዱአ ሰው አንድም ቃል ሳያወጣ ምስጢሩን ስለጠበቀልኝ ዛሬም አታውቅም። ይህን ለሐያት ስነግራት ስልኳን መልሳ አነሣችና «እሺ አባዬ፣ አንድ በግ» ብላ ከሁሉ በላይ ጻፈችው።

«ሁለት አድርጊው» አልኳት። «በዚህኛው ዱአ ላይ ለአክስትሽ ልነግራት ነው።»