የባቄላ ክክ በአፈሙዝ ላይ

በ1879 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የአንኮበር ገደል አፋፍ ሰፈር በሙሉ በገብረአማኑኤል ይስቅ ነበር። እኔም ጎረቤቱ ስቄበታለሁ፤ አልዋሽም።

ሰውየው ስልቻ ሙሉ ገብስ ተሸክሞ ዳገቱን ይሮጥና ትንፋሹ ሳይመለስ በደረቱ ይተኛል። ስናድር ጠመንጃውን ባዶ ቀለህ አጉርሶ ቁልቁል ወዳለ ጉቶ ያነጣጥራል። ሚስቱ አልታየች አፈሙዙ ላይ አንዲት የባቄላ ክክ ታስቀምጣለች። ምላጩን ሲስብ ክኳ ከወደቀች ሩጫው ከታች ይጀመራል። ያሉት ጥይቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷን ጉቶው ላይ ቢተኩሳት ከላይ አለፈች፤ ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ሲሆን ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ለመደ።

ታላቅ ወንድሙን ይርጋለምን ዓምና ነብር ገድሎታል። ምስኪን፣ ጠመንጃው በእጁ ነበር። እንደ ወጋችን ከመተኮሱ በፊት ተነስቶ ፎከረ። «ዘራፍ፣ የገብረአማኑኤል ወንድም!» ብሎ ሳይጨርስ ነብሩ ደረቱ ላይ ወጣ።

«አፍህን ካልዘጋህ አንተንም እቀብርሃለሁ» ትለው ነበር አልታየች። ባሏ ግን ክኳን የሚጥላት በእጁ አልነበረም፤ ሁልጊዜ «ዘራፍ» ሊል ከንፈሩ ነበር ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው።

ኅዳር ላይ አልታየች ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወረደች። እኔና ገብረአማኑኤል ከታች እርሻ ላይ ነበርን። ነብሩን ከራሷ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ተጋድሞ አየነው። እሷ አጎንብሳ እንስራዋን ትሞላለች። ብንጠራት ቀና ትላለች፣ እሱም ይዘላል።

ከታች ቢተኩስ እሷን ሊመታ ነው፤ ገብረአማኑኤል ጠመንጃውን እንደያዘ ዞሮ ዳገቱን ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። አፋፉ ላይ ስንደርስ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። በደረቱ ተኛ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ «ዘራፍ» ልል አፌን ስከፍት በክርኑ ጎሸመኝ። ነብሩ ጀርባውን ሰበሰበ። የገብረአማኑኤልን ከንፈር አየሁት፤ ጥርሱ ነክሶት ደም ወጥቶታል።

ተኮሰ።

ነብሩ ከቋጥኙ ተንሸራቶ አጠገቧ ወደቀ፣ አልተነሳም። እንስራው ተሰበረ እንጂ እሷን የነካት የለም።

«በል ፎክር እንጂ!» አልኩት። አልታየች ዳገቱን ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የደማውን ከንፈሩን በነጠላዋ ጠረገችለት።

«አሁን ጩህ» አለችው። «አሁን እንደ ልብህ ጩህ።»

ተነሳ። «ዘራፍ፣ የይርጋለም ወንድም!» አለ። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።