የጾም ቁስል

አፌን ከፍቼ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ዜማ ነው፤ ማሕሌት እመራለሁ፣ ተማሪ አስተምራለሁ። ላሊበላ ውስጥ እኔ አፌን ስከፍት ያላየ ምእመን ያለ አይመስለኝም። አፌ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም አይቶ አያውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም።

እኛ ዘንድ ማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሰው አፉ ይቆስላል። በጾም ወራት ጉሮሮው ይደርቃል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ምላሱ ይላጣል። ይህን «የጾም ቁስል» እንለዋለን፤ እንዲያውም ትንሽ እንኮራበታለን። አፉ ያልቆሰለ ሰው መቋሚያውን ተደግፎ ሲያንቀላፋ ያደረ ይመስለናል። በፍልሰታ ከምላሴ ሥር በአንድ በኩል ሻካራ ነገር ሲወጣ እኔም የጾም ቁስል አልሁትና ጾሙ ሲፈታ ይድናል ብዬ ተውሁት። ጾሙ ተፈታ። መስቀል አለፈ፣ ጽጌ አለፈ፣ የነቢያት ጾም ገባ። ቁስሉ እዚያው ነበር።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰደኝም እሱ አይደለም። አንድ የተሰበረ የመንጋጋ ጥርስ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የሄድሁት። እኛ አገር ጥርስ ሐኪም ቤት የሚኬደው ለማስነቀል ነው፤ ነቅለው፣ ጥጥ አስነክሰው ይሸኙሃል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አፌን አስከፍታ ምላሴን በፋሻ ያዘችና ወደ አንድ ጎን ሳበችው፤ ከዚያ ወደ ሌላው። ጉንጬን ገልብጣ፣ ላንቃዬን በመብራት አየች። አንገቴንም በጣቶቿ ዳበሰች። ምላሴን ስትለቅልኝ ተቆጣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ያመመኝ ጥርሴ ነው። ምላሴን ማን ንኪ አለሽ?»

«አውቃለሁ የኔታ። ለጥርስ የመጣን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የማየው። አፍ ከተከፈተ አይቀር ጥርሱን ብቻ አይቼ አልሸኝም። ይኸ ቁስል መቼ ወጣ?»

«በፍልሰታ። የጾም ቁስል ነው።»

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ባያምዎትም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ዝም አይባልም። ትምባሆ ነገር ይወስዳሉ?»

«ነውር ነው።»

«አረቄስ?»

«ለዓመት በዓል ብቻ።»

«ላሊበላ ውስጥ ዓመት በዓል ያልሆነ ቀን አለ እንዴ የኔታ?»

ሳልወድ ሳቅሁ። እሷ ግን ሳቋን ትታ ነገረችኝ። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ለማወቅ ከቁስሉ ቆንጠር ተደርጎ አዲስ አበባ ተልኮ መመርመር አለበት። ቶሎ ከተደረሰበት ትንሽ ተቆርጦ ይዳናል፤ ከቆየ ግን ምላስም ይሄዳል፣ ሰውም ይሄዳል አለች። ለስንቱ ሙት ፍትሐት ያዜምሁ ሰው ያን ቀን ፈራሁ። ከሞቱ ይልቅ የፈራሁት ያለ ምላስ መኖርን ነበር።

መጀመሪያ የነገርሁት ለግራጌታችን ነው። አብረን ቁራሽ እየለመንን የተማርን ጓደኛዬ ነው። ማሕሌት ላይ እኔ በቀኝ፣ እሱ በግራ፣ ፊት ለፊት ቆመን፣ እኔ ስጀምር እሱ ሲቀበል አረጀን።

«ብረት እንዳታስነካው» አለኝ። «ብረት ከነካው ይሰራጫል። ደግሞስ ገና ደርሷል። አፍህ እየደማ ማሕሌት ልትቆም ነው? ቀኙን ማን ይይዘዋል?»

«ጸበሉንም እጠመቃለሁ፣ ብረቱንም አስነካለሁ።»

«ጸበሉ አይበቃም እያልህ ነው?»

«ጸበሉን የፈጠረ ሐኪሟንም ፈጥሯታል።»

አኮረፈኝ። ሌሎችም እየተከታተሉ ሊመክሩኝ መጡ። ብረት ነክቶት የሞተ ዘመድ የሌለው አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉንም ጠየቅኋቸው፤ ብረቱ ከመንካቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ ተደብቆ ቆየ? መልሰው ስለ ብረቱ ይነግሩኛል። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ሰው ደብቆ ደብቆ፣ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ሲሞት እኛ ቢላዋውን እንከሳለን።

አስቆነጠርሁት። ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር ነበር፣ ገና ጀማሪ። ጓዜን ይዤ በጋሸና በኩል አዲስ አበባ ወረድሁ፣ የምላሴን ጠርዝ ቆርጠው ወሰዱ። ገናን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁት። ከቤተ ማርያም በላይ ካለው ድንጋይ ላይ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል። አለቀስሁ። ቆጨኝ ግን አልልም።

ስመለስ «የሱ ዜማ አበቃ» ተብሎ ነበር። ደጄን ዘግቼ እንደ ጀማሪ ተማሪ ከሀሌታ ጀመርሁ። መጀመሪያ ከዜማው ይልቅ ምራቄ ይቀድመኝ ነበር። ውሎ አድሮ ምላሴ ታዘዘኝ። በሚቀጥለው ገና ቀኙን ያዝሁ። አንዳንድ ቃል ላይ አሁንም ምላሴ ይንሸራተታል። ይንሸራተት፤ የኔ ነው፣ አፌ ውስጥም አለ።

ከዚያ በዓል ሦስተኛው ቀን ላይ ግራጌታው ቤቴ ምሳ መጣ። ኩርፊያው ለቆታል። ሲበላ በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል። ስቆ አፉን ሲከፍት ጉንጩ ውስጥ የነጣ ነገር አየሁ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። የጾም ቁስል ነው።»

አልተከራከርሁም። እጁን ይዤ፣ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ፣ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድሁት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፋሻዋን ስታነሳ ግን አፉን ጥርቅም አድርጎ በነጠላው ሸፈነው።

«ዛሬ ብረት የለም አባቴ» አለችው። «በመብራትና በጣቴ ነው የማየው።»

እሱ እሷን አላያትም፤ እኔን ነው ያየኝ። ፈርቷል። እኔም ያኔ እንዲሁ ፈርቼ ነበር። ማሕሌት ላይ እንደምንቆመው ፊት ለፊቱ ቆምሁ። አፌን ከፈትሁ፣ ምላሴን አነሳሁ፣ የተቆረጠውን ቦታ አሳየሁት። ነጠላውን ከአፉ ላይ ገለጠ፣ እሱም ከፈተ።