«ንካ» የተባለው ማን ነው?

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ጎሕ ሲቀድ ነበር። የምሄድበት ጉዳይ አንድ ነው፤ በሞላሌ አቅራቢያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የተሰጡት ታብሌቶች ለትምህርታቸው ይጠቅሙ እንደሆነ አይቼ ሐሳብ ማቅረብ። ቢሮ የደረሰን መረጃ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ወንዶቹ መልመጃውን ሲገፉበት፣ ሴቶቹ አልነኩትም ማለት ይቻላል። እኔም ይህንኑ ካረጋገጥሁ ታብሌቶቹ ተሰብስበው ከተማ ላለ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሰጡ ነው። ይህን የምጽፈው ከተመለስሁ በኋላ በመሆኑ የመንገዱን ነገር እዚህም እዚያም ብስት አንባቢ ይታገሠኝ።

ከጣርማ በር ወዲያ

ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መኪናችንን ዋጠው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ከዋናው አስፋልት ተገንጥለን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጭጋጉ ገለል አለና የገብሱ ማሳና የድንጋይ ካቡ ብቅ አሉ። ቁርስ የበላነው መዘዞ ይመስለኛል፤ ወይም ከዚያ አለፍ ብላ ባለች መንደር። የገብስ ዳቦው ትኩስ ነበር፤ ከነሻዩ የከፈልሁት ደብረ ብርሃን ለሻይ ብቻ ከምከፍለው እምብዛም አይበልጥም።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አባባ ወልዴ ይባላሉ። ወፍራም የሱፍ ባና ተከናንበዋል።

«ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?»

«ለተማሪ ቤቱ የመጡትን ታብሌቶች ለማየት ነው፣ አባባ።»

«ያንን የሚለፈልፈውን? የልጅ ልጄ ስንዱ እዚያው ነው የምትማረው። ‹እኔን አያናግረኝም› ትለኛለች።»

«ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ኧረ ከወንዶቹ ጋርማ ሲያወጋ ይውላል አሉ! ከእሷ ጋር ምን እንዳጣላው እንግዲህ አንተው ጠይቀው።»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን እንደ ቀልድ ብቻ ልተወው አልቻልሁም።

ሞላሌ ወርደን፣ በጎቻቸውን ወደ ገበያ ከሚነዱ ሰዎች ጋር እየተጋፋን ከከተማው ወጣን። አባባ ወልዴ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኙኝ።

ክፍሉ ውስጥ

መምህርቷ አስካለ ወጣት ናት። ስገባ ታብሌቶቹን ከተጠቀለሉበት ባና እየፈታች ነበር። ብርዱ ባትሪያቸውን ቶሎ እንዳይጨርሰው ነው፤ ጭጋግ በዋለ ቁጥር ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር በቅጡ አይሞላቸውም።

«ጋሼ፣ ሳያዩ አይፍረዱብን» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እነዚህ ከተወሰዱ ድምፅና ሥዕል ያለው ሌላ ነገር የለኝም። ሴቶቹ ፈርተውት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ፍርሃት አልመሰለኝም፤ ምን እንደሆነ ደግሞ አላወቅሁትም።»

አንድ ታብሌት ለአራት ልጅ ነው። አስካለ ስንዱን አሳየችኝ፤ ታደለ ከሚባል ልጅና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተቀምጣለች። ከኋላቸው ቆምሁ። መሣሪያው በለሰለሰ የወንድ ድምፅ፣ «ስንት በግ ታያለህ? ትክክለኛውን ቁጥር ንካ» አለ። ስንዱ በከንፈሯ «ሰባት» ስትል ሰማኋት፤ እጇ ግን ከጉያዋ አልወጣም። ታደለ ተንጠራርቶ ስድስትን ነካ።

«ታውቂው የለ፤ ለምን አልነካሽም?» አልኋት።

«‹ንካ› ነዋ ያለው።»

«ታዲያስ?»

ታደለ ቀደማት። «እኔን ነዋ! እሷን ቢፈልግ ‹ንኪ› ይላት ነበር።»

«አንተን ብሎህስ? አንዱን በግ ለጅብ ሰጠኸው!» አለችው።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስካለ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። «እኔ እኮ ‹ጻፉ›፣ ‹አንብቡ› ነው የምላቸው» አለች። «መጽሐፉም እንደዚያው ነው።»

ነገሩ ገባኝ። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የሚኮሩበት፣ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማነጋገሩ ነው። በአማርኛ ግን አንድን ልጅ ለብቻ ያናገረ ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ብሎ መምረጥ አለበት። ልጆቹ ትእዛዙን የሰሙት ልክ እንደተነገረው ነው።

ታብሌቱ የትምህርቱን ድምፅ በመምህሩ ድምፅ የሚተካ ቁልፍ ነበረው፤ እስከዚያ ቀን የሞከረው አልነበረም። እኔ በአክብሮት «ይንኩ» እንዲባል ሐሳብ ሰጠሁ። አስካለ ስትሞክረው አንዷ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ሸመገልን እንዴ?» አለች። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ ሁሉንም ዝም አሰኝታ፣ «ስንት በግ ታያላችሁ? ንኩ» ብላ ቀዳች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግፊያ ነው። የስንዱ እጅ ወጣ፤ መጀመሪያ የታደለን ክንድ ገፋ፣ ቀጥሎ መስታወቱ ላይ አረፈ። ሰባትን ነክታ ይሆን? ነክታለች ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላስታውስም። የማስታውሰው የአስካለን ፊት ነው፤ ልጆቹን ትታ እኔን ታይ ነበር።

«የቀሩትን ትምህርቶች ሁሉ በድምፅሽ መቅዳት ትችያለሽ?»

«እርስዎ እስከ መንፈቅ ዓመቱ ያቆዩልኝ እንጂ እቀዳለሁ።»

መልስ

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ገባሁ። በሪፖርቴ ታብሌቶቹ ባሉበት እንዲቆዩ ጠየቅሁ፤ ከጥቂት ክርክር በኋላ እስከ መንፈቅ ዓመቱ ተፈቀደ። ከጉዞው የተማርሁት ይህን ነው፤ ቢሮ ያየነው መረጃ አልዋሸም፣ ሴቶቹ በእርግጥ አልነኩም ነበር። ያልነኩበትን ምክንያት ግን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ድምፁን ያልሰማ ሰው ሊያውቀው አይችልም።

ፈቃዱን ልነግራት ስደውል አስካለ በጎረነነ ድምፅ መለሰችልኝ። ስትቀዳ ሰንብታለች። ፈቃዱን ነገርኋት።

«አሁን ደግሞ ታደለ አኩርፏል» አለችኝ በመጨረሻ። «‹እኔን መጥራት ተወ› ይላል።»

«ምን አልሽው?»

«እኔ ምንም አላልሁትም። ስንዱ ናት ቦታ የለቀቀችለት፤ ‹አብረን ነው የተጠራነው፣ ና› ብላ።»