ሁለት ጣሳ ጥቁር ገብስ

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሥራ ፍለጋ ነው። ዶክትሬቴን ከውጭ ይዤ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተገኘችልኝ ግን አንዲት የሁለት ዓመት የምርምር ቦታ ብቻ ነበረች። የክፍሉ ኃላፊ «ድርቁን የቻለ የወሎ ገብስ ዘር ይዘህ ና፤ ከአንድ ገበሬ ሁለት ጣሳ። ከዚያ ካነሰ ለሙከራ አይበቃም» አሉኝ። ንጉሡ ከወረዱ ሦስት ወር አልሞላም፤ ተማሪው ለዘመቻ ሊወጣ ነው ይባላል። እኔ የማስበው ስለዚያች ቦታ ብቻ ነበር።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

ከደሴ የእርዳታ እህል በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። የለጋምቦ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። በየመንገዱ ጣሪያቸው የወደቀ ቤቶች አየሁ። ሾፌሩ «ባለቤቶቹ አምና ወደ ደሴ የወረዱ ናቸው» አለኝ። መመለስ አለመመለሳቸውን አልጠየቅሁትም።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ መካነ ሰላም ገባን። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እመት ዘይነባ የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልኝና የመጣሁበትን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ጥቁር ገብስ ከሆነ ሼህ ይማም ዘንድ ሂድ» አሉኝ።

ሼህ ይማም ቤት

ጠዋት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሼህ ይማም ለመንደሩ ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጉዳዬን ሰምተው ከምሰሶው ላይ አንድ ቅል አወረዱ፤ «ቢስሚላህ» ብለው አንድ ጣሳ ሰፈሩልኝ። ሁለተኛው ላይ እጃቸው ቆም አለ።

«አንዱ አይበቃህም ልጄ?»

«ደንቡ ሁለት ነው፣ ሼህ። ሥራውን የማገኘው ሁለት ሲሞላ ነው።»

እንግዳ የለመነውን መከልከል በዚያ አገር ነውር ነው። ቅሉን ገልብጠው ቂጡን መታ መታ አደረጉት። ጣሳው ሁለት ጣት ጎደለ።

«አብሽር፤ አላህ ያሳካልህ። ሥራውን ስትይዝ አባዝተህ ትመልስልናለህ።»

አፌን ሞልቼ «እሺ» አልኩ። ማስታወሻዬ ላይም «ናሙና ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ እመት ዘይነባ ከረጢቱን በእጃቸው መዘን አድርገው ደነገጡ።

«ቅሏን ጨረስካት በለኛ! በዚያ ክፉ ቀን ሁለት ልጅ ሲቀብሩ እንኳ አልነኳትም። የበልግ ዘራቸው እኮ ናት!»

ልመልስ ብል ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ነው፤ መኪናው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ያኔውኑ አፍሬ ነበር። ግን ተሳፈርኩ።

አዲስ አበባ

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሰው የለም። ኃላፊውን ብርድ ልብሳቸውን ሲያሥሩ አገኘኋቸው፤ እሳቸውም ዘማች ናቸው።

«ቦታዋ ለጊዜው ቆማለች፤ ጠብቅ» አሉኝ።

ጠበቅሁ። ወደ ደሴ የሚሄድ ዘመድ ባገኝ ዘሩን ልልክ አሰብኩና፣ ቦታዋ ብትከፈትስ ብዬ አስቀረሁት። ጥር እንዲሁ አለፈ። የካቲት ላይ ሬዲዮው በወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ መጣሉን ሲናገር ከረጢቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ቦታዋ እስከ ዛሬ አልተከፈተችም። እሱ ብዙም አልቆጨኝ። የሚቆጨኝ ሁለተኛው ጣሳ ላይ የቆመውን የሼህ ይማምን እጅ አይቼ እንዳላየ መሆኔ ነው። ድርቅ የቻለ ዘር ፍለጋ ሄጄ ዘሩን አገኘሁት። ገብሱ ድርቁን ችሎት ነበር፤ እኔን ግን አልቻለኝም።